የፖስታ ሣጥን የሚመስል ደወል

ነገሩ መሰማት የጀመረው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2008 ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ካላንደር እያሳደድን አንባቢን አናደክምም።) ያኔ የሊነክስ ከርነል ስሪት 2.6.27 ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ሞካሪዎች ያላለቀውን ስሪት በየኮምፒውተራቸው ጭነው ያዩታል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ኮምፒውተሩን ያስነሳሉ፣ ስክሪኑ ይበራል፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ ኔትወርክ ግን የለም።

ኔትወርክ አለመኖሩ ለእኛ ለአዲስ አበባ ልጆች ዜና አይደለም። ዜናው ቀጥሎ የመጣው ነው። ሰዎቹ ወደ ቀድሞው ሊነክስ ተመለሱ፤ ኔትወርክ የለም። ዊንዶውስ አስነሱ፤ አሁንም የለም። ካርዱ ራሱ ሞቷል። የኢንቴል ኔትወርክ ካርዶች ነበሩ፤ ሊነክስ ውስጥ የሚያንቀሳቅሳቸው ድራይቨር ኢ1000ኢ ይባላል። እነዚህ ካርዶች ማንነታቸውን፣ ማለትም የራሳቸውን መለያ ቁጥርና ቅንብር፣ የሚይዙባት ትንሽ ቋሚ ሚሞሪ አለቻቸው፤ መብራት ቢጠፋም የማትረሳ። እርሷ ላይ አንድ ነገር ሊጻፍ የማይገባውን ጽፎባታል። በኦፐን ሱሴ፣ በኡቡንቱ፣ በፌዶራና በማንድሪቫ የሙከራ ስሪቶች ላይ ተመሳሳይ አደጋ ታየ።

ሶፍትዌር ሶፍትዌርን ሲያበላሽ ለምደናል። መድኃኒቱንም እናውቀዋለን፤ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል፣ ይደረጋል፣ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። ሶፍትዌር ዕቃ ሲገድል ግን ፎርማት የሚባለው የአገራችን ጠበል አይሠራም። መጀመሪያ የተጠረጠረው የካርዱ ድራይቨር ነበር፤ ቀጥሎ የግራፊክስ ሶፍትዌሩ። ሁለቱም አልነበሩም። ጥፋተኛው ከኔትወርክ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው፣ ካርዱን ከነመኖሩም የማያውቅ ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ።

እንዴት እንደሆነ እንነግራችኋለን። እኛ የተማርነው ጋዜጠኝነት እንጂ ኢንጂነሪንግ ስላልሆነ የምንነግራችሁ እንደ ወሬኛ ነው፤ ወሬ ደግሞ ከሥሩ ሲጀመር ይጥማል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ 1970 እንሂድ፤ ሌባው የገባበት በር የተከፈተው ያኔ ነውና።

*

በአገራችን ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም። ፖስታ ቤት ትሄዳላችሁ፣ ቁጥር የተለጠፈበትን ሣጥናችሁን ትከፍታላችሁ፣ ያለውን ታወጣላችሁ። የኮምፒውተር ሚሞሪ ማለት በቃ ይኸው ነው፤ ቁጥር ያላቸው ሣጥኖች ረድፍ። ሣጥን ቁጥር 500 ውስጥ 7ን ብታስቀምጡ፣ ስትመለሱ 7ን ታገኛላችሁ። ከፍታችሁ ብታዩት ምንም አይፈጠርም። የነበረውን አውጥታችሁ ያንኑ መልሳችሁ ብትከቱትም ምንም አይፈጠርም። (ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያዟት፤ በኋላ ትፈለጋለች።)

አሁን በዚያው ረድፍ ውስጥ፣ እንደሌሎቹ ቁጥር የተለጠፈበት፣ ከጀርባው ግን ደወል የታሰረበት ሣጥን አስቡ። ወረቀት ስትከቱበት አንድ ቦታ ሞተር ይነሳል። ስትከፍቱት ውስጡ የነበረው መልእክት «ተነቧል» ተብሎ ይሰረዛል። ያስገባችሁትና መልሳችሁ የምታገኙት ጭራሽ ላይገናኝ ይችላል። ይህ የመሣሪያ ሬጅስተር ነው፤ ዲስክ፣ ፕሪንተር፣ ኔትወርክ ካርድ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚነጋገሩበት ቀዳዳ።

ሣጥኖቹንና ደወሎቹን በአንድ ረድፍ የመደርደር ሐሳብ ከፒዲፒ-11 በፊት ጭራሽ አልታሰበም አንልም፤ ዓለምን ያስለመደው ግን ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን በ1970 ያስተዋወቀው ይህ ማሽን ነው። የማሽኑ አከርካሪ ዩኒባስ ይባል ነበር። «ባስ» ያው የምንጋፋበት አውቶብስ ነው፤ ቃሉ «ለሁሉም» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ሚሞሪውና መሣሪያዎቹ ሁሉ በእነዚያው 56 ሽቦዎች ላይ ተሳፍረው ይነጋገራሉ። ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ ሊያየው ከሚችለው 64 ኪሎባይት ውስጥ የላይኛው 8 ኪሎባይት ለመሣሪያዎች ተተወ። ለመሣሪያ የተለየ ትእዛዝ አያስፈልግም። ቁጥርን ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚያዛውረው ትእዛዝ ዲስክም ያስነሳል።

ውብ ነው፣ እውነት ለመናገር። አንድ ሕግ ለሁሉም። ግን ውበቱ የቆመው በአንድ ውሸት ላይ ነው፤ ደወሉ ሣጥን ነኝ ይላል። ከዚያ ወዲህ ያለው የኦፐሬቲንግ ሲስተም ታሪክ፣ ቢያንስ እኛ የምናወራው ክፍሉ፣ ይህን ውሸት ሳያፈርሱ እንዴት አብረውት እንደሚኖሩ የተደረገ የ50 ዓመት ድርድር ነው።

*

ቤል ላብስ ውስጥ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ያሳደጉት በዚህ ማሽን ላይ ነው። በ1973 ከርነሉን በሲ ቋንቋ መልሰው ጻፉት። በ1975 የወጣው ስድስተኛው እትም እስከ ዛሬ የሚነበብ ሰነድ ነው፤ ምክንያቱም ጆን ላየንስ የተባለ የአውስትራሊያ መምህር በ1977 ኮዱን ከነማብራሪያው ለተማሪዎቹ አዘጋጀው። ከ10 ሺህ መስመር በታች የሆነ ሙሉ ከርነል! ባለቤቱ ኩባንያ ትምህርት ቤት እንዳይማሩበት ሲከለክል መጽሐፉ ለዓመታት በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ በይፋ የታተመው በ1996 ነው። በፎቶ ኮፒ ሃንድአውት ዲግሪ ለያዝን ሰዎች ይህ ታሪክ ልብ ይነካል።

የዚያን ጊዜው ዲስክ አርኬ05 ይባላል፣ 2.5 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ የዛሬ ስልክ የሚያነሳት አንድ ፎቶ ማለት ነው። ድራይቨሩን ስታዩት መጀመሪያ ዓይን የሚገባው አንድ ቁጥር ነው፤ በስምንት ቤት አቆጣጠር 177400። ያ የዲስኩ ሬጅስተሮች የሚጀምሩበት አድራሻ ነው፣ በቀጥታ ኮዱ ውስጥ ተጽፏል። ድራይቨሩ ዲስኩን እንደ ማንኛውም የሲ ቋንቋ ዝርዝር ያየዋል። ለማንበብ ሲፈልግ አራት ነገር ይጽፋል፤ ከዲስኩ የትኛው ቦታ፣ ወደ ሚሞሪው የትኛው አድራሻ፣ ስንት ቃል፣ በመጨረሻም «ሂድ»። ከዚያ ፕሮሰሰሩ ወደ ሌላ ጉዳዩ ይሄዳል፣ ዲስኩ ደግሞ ራሱ ሚሞሪው ላይ ይጽፋል። መሣሪያ በራሱ እጅ ሚሞሪ የሚነካበት ይህ ዘዴ ዲኤምኤ ይባላል።

በዚህ አጭር ኮድ ውስጥ ሦስት እምነቶች ተደብቀዋል። አንደኛ፣ የዲስኩ አድራሻ አይለወጥም። ሁለተኛ፣ አራቱ ጽሑፎች በተጻፉበት ቅደም ተከተል ዲስኩ ዘንድ ይደርሳሉ፤ «ሂድ» ቀድሞ ከደረሰ ዲስኩ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ሄደ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ዲስኩ ራሱ የታመነ ነው፤ የተነገረው ቦታ ላይ ብቻ ይጽፋል። በ1975 ሦስቱም እውነት ነበሩ። በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ፣ ባለቤቶቹ በስም የሚታወቁ ማሽን ነው፤ ማን ማንን ይጠራጠራል?

እምነቱ የት ድረስ እንደሄደ የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። ዩኒክስ ሁሉንም ነገር ፋይል ያደርጋልና ሚሞሪውንም ፋይል አደረገው። በስድስተኛው እትም ከአንድ ድራይቨር ሦስት ፋይሎች ይወጣሉ። 0 ቁጥሩ የማሽኑ ሙሉ ሚሞሪ ነው፣ «ሜም» ይባላል። 1 ቁጥሩ የከርነሉ ሚሞሪ፣ «ኬሜም»። 2 ቁጥሩ የተጻፈበትን ሁሉ የሚውጠው «ነል» ነው፤ በኮዱ ማስታወሻ ላይ የአይጥ ጉድጓድ ተብሏል። ምን ፕሮግራሞች እየሠሩ እንደሆነ የሚዘረዝረው የዩኒክስ ትእዛዝ መረጃውን የሚያገኘው ከርነሉን ጠይቆ አልነበረም፤ «ሜም»ን ከፍቶ፣ ከከርነሉ ሆድ ውስጥ ሠንጠረዡን እየፈለገ ነበር። የጎረቤትን ደህንነት ለማወቅ በር አንኳኩቶ መጠየቅ ሲቻል በመስኮት እንደ ማየት ነው። ይሠራ ነበር፣ ችግሩም ያ ነው።

*

በፒሲው ዘመን ብዙ አንቆይም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አይቢኤም በ1981 ፒሲውን ሲያወጣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ለመሣሪያዎች የራሳቸው የቁጥር ረድፍ ነበረው፤ «ፖርት» ይባላል። ግን የስክሪኑ ሚሞሪ ከዋናው ሚሞሪ ጋር በአንድ ረድፍ ተቀመጠ። ዶስ ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባል እንጂ በዚህ ጉዳይ ከመንገድ ዞር ብሎ የሚቆም ጨዋ ሰው ነበር። ስክሪን ላይ መጻፍ የፈለገ ፕሮግራም በቀጥታ ይጽፋል። የድምፅ ካርድ ያለው ተጫዋች የካርዱን ፖርት 220፣ የጥሪ መስመር 5፣ የዲኤምኤ መስመር 1 ብሎ በቃሉ ይዞ ለእያንዳንዱ ጌም ራሱ ይነግረዋል። አድራሻን ከኮዱ አውጥተው በተጠቃሚው ጭንቅላት ውስጥ አስቀመጡት ማለት ነው። ይህን መሻሻል የሚለው ካለ እጁን ያውጣ።

አንድ ነገር ግን ለዶስ እንመስክርለት። ያ ልቅነት በሩን ለሁሉም የከፈተ ነበር። ፊደላችን ከነዝርዝሩ ከ230 በላይ ቅርጽ አለው፤ ዶስ ስለ ፊደል ቅርጽ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከ1984 ጀምሮ የወጡት የስክሪን ካርዶች ግን የፊደል ቅርጾቻቸውን አውጥቶ በሌላ መተካት ያስችሉ ነበር፣ 256 ወይም 512 ቅርጽ ድረስ። ማንንም ሳያስፈቅዱ። የተዘጋ በር ሁሌም ጥሩ ነው ብለን እንዳንፈርድ ይህን ልብ እንበል።

ያ ዘመን የተወልን እዳም አለ። የ1984ቱ ባስ 24 የአድራሻ ሽቦ ነበረው፤ ስለዚህ በላዩ የተሰካ ካርድ በዲኤምኤ ሊደርስ የሚችለው ከመጀመሪያዎቹ 16 ሜጋባይት ውስጥ ብቻ ነው። ማሽኖች 32 እና 64 ሜጋባይት ሲይዙ ካርዱ ከ16 በላይ ያለውን ዓለም አያየውም። ዊንዶውስ ኤንቲ በ1993 መጥቶ ተራ ፕሮግራሞች ፖርት እንዳይነኩ ሲከለክል ደግሞ ስንቱ ጌም አልነሳም አለ! የ1992ቱ ፒሲአይ ባስ ቢያንስ አንዱን ሕመም ፈወሰ። መሣሪያው ራሱ «ይህን ያህል ቦታ እፈልጋለሁ» ይላል፣ ሲስተሙ ቦታ ይመድብለታል። የመጀመሪያው እምነት፣ «አድራሻ አይለወጥም» የሚለው፣ እዚህ ላይ ሞተ።

*

ሁለተኛውን እምነት የገደለው አልፋ የተባለ ፕሮሰሰር ነው። የፒዲፒ-11 እናት ኩባንያ ዲጂታል በ1992 አወጣው፤ የገዛ ልጁን ልማድ የገዛ ልጁ አፈረሰው። አልፋ ለፍጥነት ሲል ጽሑፎችን ቅደም ተከተላቸውን ሳይጠብቅ ሊልክ ይችላል፣ «ቆይ፣ ይህ ይድረስ» ካልተባለ በቀር። ይባስ ብሎ የመጀመሪያዎቹ አልፋዎች አንዲት ባይት ብቻ ማንበብ ወይም መጻፍ አይችሉም፤ 4 ወይም 8 እንጂ። የመሣሪያ ሬጅስተሮች ደግሞ ብዙዎቹ አንድ ባይት ናቸው። መፍትሔው የሚያስቅ ነው። የመሣሪያዎቹን አድራሻ 32 እጥፍ ለጥጠው ዘረጉት፤ የቱን ባይት እንደምትፈልጉ በአድራሻው ውስጥ ትነግሩታላችሁ። ከእንግዲህ የሬጅስተር አድራሻ አድራሻ መሆኑ ቀርቶ የሒሳብ ቀመር ሆነ።

እንግዲህ አስቡት። አንድ የኔትወርክ ካርድ አለ፤ ፒሲ ውስጥም አልፋ ውስጥም ይሰካል። ካርዱ ያው ነው፤ ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ ግን አይመሳሰልም። ድራይቨሩ አድራሻ በእጁ ይዞ የሚጽፍ ከሆነ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ድራይቨር ሊጻፍ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ንጹሑን መልስ የሰጡት፣ እንደ እኛ ፍርድ፣ የኔትቢኤስዲ ሰዎች ናቸው። ኔትቢኤስዲ በ1993 የተመሠረተ፣ በተገኘው ማሽን ሁሉ ላይ ካልሠራሁ የሚል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። መልሳቸው «ባስ ስፔስ» ተባለ፣ ቁም ነገሩም ቀላል ነው፤ ድራይቨሩ አድራሻ አይያዝ። ሦስት ነገር ይያዝ። የቱ ባስ እንደሆነ የሚናገር ምልክት፣ ባሱ ላይ የተመደበለትን ክፍል የሚወክል መያዣ፣ ከክፍሉ መጀመሪያ ምን ያህል ርቀት እንደሚፈልግ። «ከዚህ ባስ፣ ከዚህ ክፍል፣ 4ኛውን ባይት አንብብልኝ» ይላል፤ ሲስተሙ እንደ ማሽኑ ዓይነት ያነብለታል። ቅደም ተከተል ሲያስፈልግም በግልጽ ይጠይቃል። ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ባለጉዳይ ነገሩ ይገባዋል፤ መዝገብ ቤት ገብታችሁ ፋይላችሁን ራሳችሁ አትመዙም፣ ቁጥሩን ትሰጣላችሁ፣ ያመጡላችኋል። ልዩነቱ እዚህ በእርግጥ ያመጡላችኋል።

ለዲኤምኤ የተሰጠው መልስ ይበልጥ ያስደንቃል። በጁን 1998 ኒው ኦርሊንስ ላይ በተካሄደው የዩዝኒክስ ጉባኤ ጄሰን ቶርፕ፣ ያኔ በናሳ ኤምስ የምርምር ማዕከል የሚሠራ የኔትቢኤስዲ ፕሮግራመር፣ ጽሑፉን አቀረበ። መነሻው መሣሪያው ሚሞሪን የሚያይበት ዓይን ከፕሮሰሰሩ ዓይን የተለየ መሆኑ ነው። አንዱ መሣሪያ ከ16 ሜጋባይት በላይ አያይም። በሌላ ማሽን ላይ በመሣሪያውና በሚሞሪው መካከል ቁጥር የሚተረጉም ሃርድዌር ቆሟል። በሌላው ደግሞ ችግሩ የዱቤ መዝገብ ችግር ነው። ፕሮሰሰሩ እንደ ሰፈር ባለሱቅ ለፍጥነት ብሎ በእጁ ባለች ትንሽ ደብተር ይጽፋል፣ ወደ ትልቁ መዝገብ የሚገለብጠው ሲመቸው ነው። መሣሪያው የሚያነበው ግን ትልቁን መዝገብ ነው። ባለሱቁ ሳይገለብጥ መሣሪያው ካነበበ ያረጀ ሒሳብ ይዞ ሄደ።

ቶርፕ ይህን ሁሉ በጥቂት ጥሪዎች ጠቀለለው። ድራይቨሩ ካርታ ይፈጥራል፣ የሚላከውን ሚሞሪ ካርታው ላይ ይጭናል፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ «አመሳስል» ይላል፣ በመጨረሻ ያራግፋል። የሚሞሪው ቦታ ለመሣሪያው ሩቅ ከሆነ ሲስተሙ በዝምታ ቅርብ ቦታ ላይ ይገለብጥለታል። ተርጓሚ ሃርድዌር ካለ ያዘጋጅለታል። ደብተሩ ካልተገለበጠ ያስገለብጠዋል። ከእነዚህ አንዱም በማያስፈልግበት ማሽን ላይ «አመሳስል» ማለት ምንም አለማድረግ ነው። ድራይቨሩ ግን የትም ቢሆን ማለት አለበት።

ፕሮግራመሮች እንዲህ ያለውን አይወዱም። «በእኔ ማሽን ላይ ያለሱ ይሠራል» ይላሉ፣ ልክም ናቸው። ጥሪው የተጻፈው ግን ለእነርሱ ማሽን አልነበረም። ፍሪቢኤስዲም በዚያው ዘመን ሐሳቡን ወስዶ በራሱ መንገድ ሠራው።

ሊነክስ ዘግይቶ ደረሰ፤ በ1991 በአንድ ዓይነት ፒሲ ላይ የተወለደ ስለሆነ አድራሻን በእጅ መያዝ በደሙ ነበር። ለስፓርክ ማሽኖች ሊነክስን ያደረሰው ዴቪድ ሚለርና ባልደረቦቹ ተመሳሳይ የዲኤምኤ ሥርዓት አዘጋጁ፤ በጃንዋሪ 2001 በወጣው ስሪት 2.4 ውስጥ ገባ። በ2004 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ ለደወሎቹ ምልክት ለጠፈላቸው። ወደ መሣሪያ የሚያመለክት አድራሻ ሁሉ ኮዱ ላይ «አይኦሜም» የሚል መለያ ይያዝ፤ እንደ ተራ ሣጥን ሊከፍተው የሚሞክር ኮድ ካለ የኮድ መርማሪው ይጮኻል። ቆንጆ መፍትሔ ነው። ማሽኑ ሲሠራ ምንም አያስከፍልም፣ ስሕተቱ ገና ሲጻፍ ይያዛል። ደወሉ ሣጥን ነኝ ማለቱን አልተወም፤ አሁን ግን ደረቱ ላይ ባጅ አለ።

*

ከአራት ዓመት በኋላ ካርዶቹ ሞቱ።

በኦክቶበር 2008 የተደረሰበት ጥፋተኛ «ኤፍትሬስ» ይባላል። ከርነሉ ውስጥ የትኛው ተግባር መቼ እንደሚጠራ የሚከታተል መሣሪያ ነው፤ ለፕሮግራመሮች በጣም ጠቃሚ፣ ዛሬም በሥራ ላይ ያለ። አሠራሩ እንዲህ ነበር። በእያንዳንዱ ተግባር መግቢያ ላይ ትንሽ የክትትል ጥሪ ትቀመጣለች፤ ኤፍትሬስ የሁሉንም አድራሻ ይመዘግባል። ክትትል በማይፈለግበት ጊዜ ከርነሉ እንዳይዘገይ ወደ እያንዳንዱ አድራሻ ተመልሶ ጥሪዋን በ«ምንም አታድርግ» ይተካታል። ጥንቃቄም አለው። ከመተካቱ በፊት ቦታው ላይ የሚጠብቃት ጥሪ አሁንም እንዳለች ያወዳድራል፤ ካለች ይቀይራል፣ ከሌለች ይተወዋል።

ከተመዘገቡት አድራሻዎች አንዳንዶቹ ግን ሲስተሙ ሲነሳ ብቻ የሚያስፈልግ ኮድ ነበሩ። ያ ኮድ ሥራውን ሲጨርስ ይጣላል፣ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል። ኤፍትሬስ መዝገቡ ላይ አሮጌው አድራሻ ቀርቷል። እናም በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ያ ቦታ የተሰጠው ለማን ሆነ መሰላችሁ? ለኢ1000ኢ፤ የካርዱ ቋሚ ሚሞሪ መቆጣጠሪያ ለተዘረጋበት የአድራሻ ክልል። ትናንት ኮድ የነበረበት ቁጥር ዛሬ ደወል ሆኗል።

ኤፍትሬስ ተመልሶ መጣ፣ አወዳደረ፣ የሚጠብቀውን አላገኘም። እንግዲያው ተወው ማለት ነው፣ አይደል? እዚህ ላይ ነው ያቺ ያስያዝናችሁ ዓረፍተ ነገር የምትፈለገው። የኢንቴል ፕሮሰሰር «አወዳድረህ ቀይር» የሚለውን ትእዛዝ ሲፈጽም ውድድሩ ባይሳካም እንኳ መጻፉ አይቀርም፤ የነበረውን ያንኑ መልሶ ይጽፋል። ሣጥን ሲሆን ይህ ከምንም አይቆጠርም። ደወል ሲሆን ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ ትእዛዝ ነው። ካርዱ ትእዛዙን ተቀበለ፣ ቋሚ ሚሞሪውንም አበላሸ።

የ2004ቱ ባጅ ለምን አላዳነም? ባጁን የሚያነበው መሣሪያ እየነካ እንደሆነ የሚያውቅ ኮድ ነውና። ኤፍትሬስ በእጁ የያዘው ቁጥር ብቻ ነበር፣ ያውም ያረጀ ቁጥር። «እዚህ ኮድ አለ» ብሎ ነበር የሚያምነው። ሁሉም በአንድ ረድፍ እስካለ ድረስ፣ ከ1970ው ውበት ጋር እስከኖርን ድረስ፣ የተሳሳተ ቁጥር የትም ሊያደርስ ይችላል። ከ16 ቀናት በላይ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የመጡት ሁለት እርምጃዎችም ይህን ያመኑ ናቸው። ኢንቴል የካርዱን ቋሚ ሚሞሪ ድራይቨሩ እንደተነሳ በሃርድዌር እንዲቆለፍ አደረገ። ስሪት 2.6.27 በኦክቶበር 9 ከወጣ ከስድስት ቀን በኋላ በመጣው 2.6.27.1 ደግሞ ያ የኤፍትሬስ ክፍል ታገደ፤ የተመለሰው አሠራሩ ከተለወጠ በኋላ ነው። ቅንነት፣ ጥንቃቄ፣ ጥሩ ስያሜ፤ ሁሉም ነበሩ። ያልነበረው ቁልፍ ነው።

*

ሦስተኛው እምነት ቀርቶናል፤ መሣሪያው የታመነ ነው የሚለው።

መሣሪያ ማለት በብሎን የታሰረ ካርድ በነበረ ጊዜ ይህ አያስጨንቅም። ፋየርዋየር የተባለው ገመድ ግን ባሱን ወደ ላፕቶፕ ጎን አወጣው፤ ከውጭ የተሰካ መሣሪያ የማሽኑን ሚሞሪ በዲኤምኤ ማንበብና መጻፍ ይችል ነበር። በ2004 ቶኪዮ ላይ ማክሲሚሊያን ዶርንሳይፍ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ይህንኑ በአይፖድ አሳየ። አዎ፣ በሙዚቃ ማጫወቻ። በ2006 ደግሞ አዳም ቦይሎ የተባለ ተመራማሪ የተቆለፈ የዊንዶውስ ስክሪን በዚያው መንገድ እንደሚታለፍ አሳየ። ስክሪኑን መቆለፍ ፕሮሰሰሩን የሚያግድ ሕግ ነው፤ ዲኤምኤ በፕሮሰሰሩ በኩል አያልፍም። ላፕቶፑን ካፌ ጠረጴዛ ላይ ቆልፎ ስልክ ሊያወራ ወጣ ለሚል ሰው፣ በተለይ እንደ እኛ ምንጮቹን በላፕቶፕ ለሚይዝ ሰው፣ ይህ የኢንጂነሮች ጨዋታ አይደለም።

መፍትሔው በእጅ ነበር። ቅድም በመሣሪያውና በሚሞሪው መካከል የሚቆም ተርጓሚ ሃርድዌር አለ አላልንም? ዘበኛም መሆን ይችላል። መሣሪያው ካርታ ላይ ያልተጫነለትን ቦታ ከነካ ይመልሰዋል። ኢንቴልና ኤኤምዲ ከ2006 ገደማ ጀምሮ ለተራ ማሽኖች አዘጋጁት። እዚህ ላይ አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ። እነ ቶርፕና እነ ሚለር የሠሩት ጫን፣ አመሳስል፣ አራግፍ የሚል ሥርዓት የታሰበው ዳታው በትክክል እንዲደርስ ነበር፤ ስለ ሌባ አልታሰበበትም። አሁን ያው ጥሪ የደጅ ዘበኛው የስም ዝርዝር ሆነ። «ጫን» ማለት በር ክፈት፣ «አራግፍ» ማለት በር ዝጋ ሆነ።

በርን በየጊዜው መክፈትና መዝጋት ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ሲስተሞቹ ሰነፉ። በ2019 የካምብሪጅና የራይስ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሁም የኤስአርአይ ተመራማሪዎች «ተንደርክላፕ» በሚል ስም ባወጡት ጥናት በተንደርቦልት በኩል የሚሰካ ሐሰተኛ ኔትወርክ ካርድ ሠርተው ኦፐሬቲንግ ሲስተሞቹን ፈተኑ። ያኔ ዘበኛውን ጭራሽ ያልቀጠሩ ነበሩ። ቀጥረውት ለመሣሪያዎቹ ሁሉ አንድ የጋራ ዝርዝር የሰጡትም ነበሩ። በትክክል ያሠሩት ላይ እንኳ አንድ ክፍተት ተገኘ። ዘበኛው የሚቆጥረው በ4 ኪሎባይት ገጽ ነው፤ ካርዱ የተፈቀደለት 1,500 ባይት ቢሆን በዚያው ገጽ ላይ ያለው የሌላ ሰው ጉዳይ አብሮ ይታያል። ድራይቨሩ የሚለውና ሃርድዌሩ የሚሰማው አንድ አልነበረም። ማይክሮሶፍት፣ አፕልና የሊነክስ ሰዎች ከጥናቱ በፊትና በኋላ ብዙ ጠገኑ፤ ገጹ ግን ዛሬም በአብዛኛው 4 ኪሎባይት ነው።

የእነዚያ የስድስተኛው እትም ሦስት ፋይሎች ነገር እንዳይረሳ። «ሜም» ሊነክስ ውስጥ ዛሬም አለ፤ ከ2008 ወዲህ ግን ብዙዎቹ ስርጭቶች ተራ ሚሞሪ በእርሱ በኩል እንዳይነካ ዘግተውበታል። «ኬሜም» በ2021 ከስሪት 5.13 ላይ ጭራሹን ተሰረዘ። ለማንም ያለ ጥያቄ ክፍት ሆኖ የቀረው 2 ቁጥሩ ነው፣ የአይጥ ጉድጓዱ።